ቄስ ገመቹ እና በር ላይ ያስቀረሁት ሳር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን ጋቢ አለበሰችኝ፣ ኬክ አስቆረሰችኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለመችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በወንጌላዊነት ላገለገለ ሰው ሰዓት የሚሰጠው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሰዓት ያስፈልገኝ የነበረው ስሠራ ነው። ለማንኛውም አመስግኜ ተቀብዬ ሳሎን ሰቅየዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከወጣቶቹ ሁለቱ ቤቴ ድረስ መጡ። የምሥረታ በዓሉ መጽሔት እየተዘጋጀ ነው አሉኝ። "ጋሼ ንጉሤ፣ ስለ ቄስ ገመቹ ሁለት ገጽ ይጻፉልን። ባህልንና ወንጌልን ያስታረቁ አባት ስለሆኑ ትውልድ እንዲያውቃቸው ነው" አለች ልጅቱ። የመጽሔቱ አማካሪ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስሙን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው ቄስ ገመቹን ከአገልግሎት ያገዱት እሳቸው ናቸው። ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም የሚባለው እውነት ነው። ልጆቹ ግን ምንም አያውቁም፤ ቆሎ አቀረብኩላቸው፣ በልተው ሄዱ።

ሁለት ገጽ አልበቃኝም። የጻፍኩት ይኸው ነው። መጽሔቱ ላይ ይወጣል ብዬ አልጠብቅም፤ ቢወጣም እኔ ያለሁበትን ቦታ እንደሚቆርጡት አውቃለሁ። እኔ የሌለሁበት ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ውሸት ነው።

የኮልፌ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነው። አባቴ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ሲሠራ ኖሮ ሞተ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ከከተማው ወጣ ብላ ባለች፣ ጣሪያዋ በሚያፈስ የጸሎት ቤት ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ማኅተም ያላረፈበትን ጸሎት እግዚአብሔር የሚሰማው አይመስላቸውም። ከእሳቸው የተማርኩት አንድ ነገር ደብዳቤ ማሳመር ነው። ደመወዙን አታንሱት፤ የወንጌላዊ ደመወዝ ማለት "ጌታ ይባርክህ" የተጨመረበት የታክሲ ሂሳብ ነው።

በአምስተኛው ዓመት ወደ ቀራንዮው ቤተ ክርስቲያናችን ተዛውሬ በቄስ ገመቹ ሥር ሆንኩ።

ቄስ ገመቹ ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። አባታቸው በሰበታ በኩል የታወቁ ቃሉ ነበሩ። ቃሉ ማለት በኦሮሞ ባህል ሰው ለምርቃትና ለጸሎት፣ ተጣልቶም ለመታረቅ የሚሄድበት የእምነት አባት ነው። ልጃቸው ወንጌል ተቀብሎ ቄስ ሲሆን አባትየው አልረገሙትም፤ መርቀው ነው የላኩት ይባላል። ቄስ ገመቹም የአባታቸውን ቤት ሲያንቋሽሹ ሰምቼ አላውቅም። ብዙዎቻችን ምስክርነት ስንሰጥ የወላጆቻችንን ቤት የሰይጣን ጎሬ አድርገን ነው የምንጀምረው። እሳቸው እንደዚያ ዓይነት ምስክርነት ሲሰሙ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያያሉ።

"አባቴ ዋቃን ያውቁት ነበር" ይሉኝ ነበር። "ሰማይን የሠራውን፣ ዝናብ የሚሰጠውን አንዱን አምላክ። ያላወቁት ልጁን ነው። እኔ ልጁን ሳውቅ አባቱን አልቀየርኩም፣ ንጉሤ።"

የሚጸልዩት እንደ አባታቸው ምርቃት ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ነው። በየመሃሉ ሕዝቡ "ሃ ተኡ" ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠችው አሮጊት ድምፅ ካልተሰማቸው አይቀጥሉም፣ ይጠብቋታል። አማርኛ ብቻ የሚሰማው ጉራጌውም ጎንደሬውም ለምዶት "ሃ ተኡ" ሲል ቤቱ ይናጋ ነበር።

ልል ሰው ግን አልነበሩም። አንድ ቀን ከአየር ጤና አንድ ነጋዴ መጣ። "የቃሉ ልጅ ነዎት አሉኝ፤ ሱቄ ላይ መተት ተደርጎብኛል፣ ይዩልኝ" አላቸው። ቄስ ገመቹ ትክ ብለው አዩትና "የማየው ዓይንህን ነው። ስንት ቀን ሆነህ ካልተኛህ?" አሉት። ሲያወጣጡት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፎ ኖሯል። "ሂድ፣ መጀመሪያ እሱን ሰላም በል። አባቴም ቢሆኑ ከዚህ ሌላ አይሉህም ነበር" ብለው መለሱት።

ዋና ሥራቸው ዕርቅ ነበር። ሰባኪ ሞልቷል፤ እንደ እሳቸው አስታራቂ ግን በዘመኔ አላየሁም። የሟች ቤት ሲሄዱ ታክሲውን አስፋልቱ ላይ ይለቁና በእግራቸው ይገባሉ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አይናገሩም። ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ግቡ ካልተባሉ አይገቡም፤ ሳይባሉ ቢመለሱም በሳምንቱ ደግመው ይመጣሉ። ገብተው ሲቀመጡ ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ ጎን ነው። እኔ ጥቁር ደብተሬን ሳወጣ እጄን ያዝ ያደርጉና "ክተተው። ሰው ለደብተር አያለቅስም" ይሉኛል። "የሟቹን ስም ሳትጠይቅ የገዳዩን ስም እንዳታነሳ" የሚለውንም ስንቴ እንደነገሩኝ።

ዕርቁ ሲያልቅ በማለዳ ወንዝ ዳር ወርደው እርጥብ ሳር ራሳቸው ይነቅላሉ። ሳሩን የሚይዘው የበደለው ወገን ነው፤ አጎንብሶ መለመኛው ነው። ከዚያ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ገበቴ ውሃ እጃቸውን ይታጠባሉ። ያ እስኪሆን ድረስ ደም የተቃቡ ቤቶች አብረው አይበሉም፣ አይጠጡም፣ አንድ ድንኳን ሥር አይቀመጡም። ይህን የደም ዕርቅ ሥርዓት ጉማ ይሉታል። እዚያ አስፋልት ዳር ፎቅ እየተሠራ፣ እዚህ ጀርባው ባለው ሰፈር ይህ ሁሉ አለ። የማያውቀው እንደኔ ያለ የተማረ ነው።

አሁን ወደ ዘሪሁን ልምጣ።

ዘሪሁን የሚኒባስ ሾፌር፣ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር። መዘምራን ውስጥ ከኋላ ቆሞ ዜማ የሚያበላሽ፣ ግን ከልቡ የሚዘምር ልጅ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አየር ጤና አካባቢ አስፋልት የምታቋርጥ ተማሪ ገጭቶ ገደለ። ልጅቱ ጫልቱ ትባላለች፣ የኦቦ ዲንቃ ልጅ ናት። የኦቦ ዲንቃ ቤት ደግሞ ከዘሪሁን እናት፣ ከእማማ አስካለ ቤት አራት አጥር አልፎ ነው። ዘሪሁን አሳድጓታል ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ሆና በጀርባው አዝሏታል።

ፍርድ ቤቱ የፈረደበትን ታስሮ ወጣ፣ ኢንሹራንሱም የሚከፍለውን ከፈለ፣ በመንግሥት በኩል ነገሩ አለቀ። በሰፈሩ ግን አላለቀም። ኦቦ ዲንቃ እሁድ እሁድ ቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚሳለሙ ሰው ናቸው፤ በደም ጉዳይ ግን የአባቶቻቸውን ሥርዓት አይለቁም። ጉማው ካልተዘጋ ዘሪሁን እናቱ ቤት ሊኖር አይችልም። የጫልቱ ወንድሞች ሲያገኙት ምን እንደሚያደርጉ ራሳቸውም አያውቁም። ዕድሩ አንድ ነው፤ አንዱ ቤት ሲያዝን ሌላው ድንኳኑ ውስጥ አይገባም። እማማ አስካለ አንድ ልጃቸው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለምኑት፤ "እኔ ቤት እንዲያድር ብቻ አድርጉልኝ።"

ቄስ ገመቹ ስምንት ወር ተመላለሱበት። ሦስት ጊዜ ደጃፍ ቁጭ ብለን ግቡ ሳንባል ተመለስን። በአራተኛው የኦቦ ዲንቃ ሚስት አግዳሚ አወጡልን። ቄስ ገመቹ ጎን ተቀመጡና "ጫልቱ ምን ትወድ ነበር?" አሉ።

ኦቦ ዲንቃ "ዝናብ ሲመጣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ትጠራ ነበር" አሉ። "ልብሳችሁን አስገቡ፣ ልብሳችሁን አስገቡ እያለች። የዚያንም ልጅ እናት ትጠራ ነበር።" ከዚያ አለቀሱ። እኛም አለቀስን። ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። የኦቦ ዲንቃ ሽማግሌዎች በግ ይታረድ፣ በደሙ ይታጠቡ አሉ፤ ድሮ እንደዚያ ነው። ቄስ ገመቹ ለዚህ አልተስማሙም። "ደሙ አንዴ ፈሷል፤ ለእኛም ለእናንተም የፈሰሰ ደም ነው። ከእንግዲህ ሌላ ደም አልነካም። ውሃው ይበቃል" ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሁለት ወር ተከራከሩ። በመጨረሻ ኦቦ ዲንቃ ራሳቸው "ውሃ ይሁን" አሉ። ያን ዕለት ከዚያ ስንወጣ ቄስ ገመቹ በመንገድ ላይ እንደ ልጅ ክንዴን ይዘው ነበር የሚሄዱት።

እኛ ቤት ግን ሌላ ነገር እየበሰለ ነበር። ቄሱ ሳር ይዘው ይጸልያሉ፣ ሕዝቡን ወደ አባታቸው አምልኮ እየመለሱት ነው የሚል ክስ ለሽማግሌዎች ጉባኤ ቀረበ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ወንድማማቾችን ሲያስታርቁ አብሬያቸው የነበርኩ እኔ ነኝ፤ ለምስክርነት ተጠራሁ።

"ሳር ይዘው ነበር?" አሉኝ ሰብሳቢው።

"አዎ።"

"ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ነበር?"

"አዎ።"

"የኢየሱስን ስም ጠርተዋል?"

ጠርተዋል። በኦሮምኛ፣ ሦስት ጊዜ፣ የወንድማማቾቹን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ "ሃ ተኡ" ብያለሁ። ለሰብሳቢው የመለስኩት ግን "ትዝ አይለኝም" ብዬ ነው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገራችሁ። የቀራንዮ ኃላፊነት ሊለቀቅ ይችላል፣ አንተ ተዘጋጅ ተብዬ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ የሰው ረዳት ሆኜ ነበር፤ ሰልችቶኛል። ደግሞም በልቤ ቀናሁባቸው። እኔ ጮኼ ሰብኬ የማይነካውን ሰው እሳቸው ዝም ብለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያስለቅሱታል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ጭምር።

ቄስ ገመቹ ታገዱ። የእገዳውን ደብዳቤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ አሳምራለሁ ብያችኋለሁ። የቀራንዮ ኃላፊነትም ለእኔ ተሰጠኝ፣ የዘሪሁንም ጉዳይ አብሮ። "በወንጌል ሥርዓት ጨርሰው" ተባልኩ።

ጨረስኩት።

እሁድ ከአገልግሎት በኋላ በአዳራሻችን ቀጠርኳቸው። ወንበሮቹን ፊት ለፊት ደረደርኩ። ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ የስምምነት ውል በሦስት ኮፒ አዘጋጅቼ ማኅተም መታሁበት። ለስላሳ ከፍቼ በየሰው ፊት አስቀመጥኩ። አብረው እንደማይጠጡ አውቅ ነበር፤ ይህ እንግዲህ የሚሻር ነገር ነው ብዬ ነው። ዘሪሁን ከእናቱ ጋር ቀድሞ መጥቶ ጥግ ተቀምጧል። ሸሚዙ አዲስ ነው፣ መታጠፊያው ይታያል።

ኦቦ ዲንቃ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል፣ ሥሩ ላይ ገና አፈር አለ።

በሩ ላይ ተቀበልኳቸው። "ኦቦ ዲንቃ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሳሩን እዚህ ውጭ ያስቀምጡልን" አልኳቸው። "እዚህ ቤት አያስፈልግም።"

ቆመው አዩኝ። "ለማን እንዳመጣሁት ታውቃለህ?" አሉኝ።

"የጌታ ቤት ስለሆነ ነው" አልኩ። አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ኦቦ ዲንቃ በእጃቸው ዝም አሰኙት። አንገታቸውን ቀና አድርገው በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ወንበሮቹን አዩ፣ ጠርሙሶቹን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ዘሪሁንን አዩ። ዘሪሁን ብድግ አለ።

"ወረቀቱስ ምንድን ነው?"

"ውል ነው። እርስዎም ይፈርሙበታል፣ በኋላ እንዳይካድ።"

"በኋላ እንዳይካድ" ብለው ደገሙት። ጎንበስ ብለው ሳሩን ደረጃው ላይ አስቀመጡና ዞረው ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። ከኋላዬ እማማ አስካለ "ጥሯቸው! ኸረ ሮጠህ ጥራቸው!" ሲሉ ይሰማኛል። አልሮጥኩም። ማኅተም የመታሁ ኃላፊ ነኛ፣ መሮጥ አይመጥነኝም። ይልቅ ዞሬ "እልኸኛ ሰው ናቸው፣ እንጸልይላቸዋለን" አልኩ።

በማግስቱ ቄስ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ሲታገዱ ያልሄድኩ ሰውዬ የሄድኩት ምክር ፍለጋ ነው። የሆነውን ስነግራቸው ሳሩ ጋ ስደርስ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ዲንቃ ራሱ ነው ሳሩን የያዘው?"

"አዎ፣ ራሳቸው።"

"ንጉሤ፣ ሳር ይዞ የሚለምነው የበደለው ነው። የተበደለው ነቅሎ ከመጣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ልቡ ጨርሷል ማለት ነው። ዘሪሁን እንዳይዋረድ በእሱ ፈንታ ሊይዝለት መጥቷል። አባቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ ብለው ሲነግሩኝ ነው የማውቀው፤ እኔ አይቼ አላውቅም።" ቀስ ብለውም "አንተ አየኸው፤ ውጭ አስቀምጥ አልከው" አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦቦ ዲንቃ ዘንድ አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። የታገደ ሰው የቤተ ክርስቲያኒቱ መልእክተኛ ሊሆን አይችልም አሉኝ፤ ደብዳቤው ላይ እንደዚያ ይላል። እኔው ነኝ የጻፍኩት። "ብቻህን ሂድ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጥ" አሉኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ ጊዜው ረዘመ።

ዘሪሁን በዚያው ሳምንት ወጣ። ወደ ሞያሌ በኩል ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ለእናቱ ነገራቸው። ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። እማማ አስካለ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ወንጌላዊ፣ የሰማኸው ነገር የለም?" ይሉኛል፤ ለሁለት ዓመት ጠየቁኝ። በኋላ መጠየቅ ትተው አንገታቸውን ብቻ ደፍተው ያልፉኝ ጀመር። እንደዚያው አረፉ። ቀብራቸው ዕለት ኦቦ ዲንቃ ከድንኳኑ ማዶ አጥር ተደግፈው ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ዋሉ። ሥርዓቱ ስለማይፈቅድ አልገቡም፤ ጎረቤት ስለሆኑ ደግሞ ቤታቸው መቀመጥ አልቻሉም። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ስለ ሰላም እሰብክ ነበር።

ቄስ ገመቹ ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። ከመሞታቸው በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ "ትዝ አይለኝም" ያልኩትን ተናዘዝኩ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ያን ቀን አጠገቤ ሆነህ 'ሃ ተኡ' ስትል ከሁሉ የበለጠው ያንተ ድምፅ ነበር፤ እንዴት ትረሳዋለህ? እኔን ተወኝ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። የዲንቃ ደጃፍስ?"

እገዳቸው እስከ መጨረሻው አልተነሳም። ሲሞቱ ግን ሰብሳቢው የሕይወት ታሪካቸውን አነበቡ፣ "አባታችን" እያሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ባለፈው ወር፣ ልጆቹ ስለ መጽሔቱ መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ በእግሬ ወጣሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራ በዛብኝ የምልበት ምክንያት አልቋል። ኦቦ ዲንቃ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በጣም አርጅተዋል፣ አንድ ዓይናቸው አያይም። ማን እንደሆንኩ የቤታቸው ሰዎች ሲነግሯቸው ወዲያው አስገቡኝ፤ እንደ ቄስ ገመቹ ሦስት ጊዜ እንኳ አላመላለሱኝም።

"ልጁን አገኘኸው?" አሉኝ።

"አላገኘሁትም፣ አባቴ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"ባንተና በእኔ መሃል ደም የለም። ካንተ ይቅርታ ምን አደርግበታለሁ?" ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "እኔ ያን ቀን ጨርሻለሁ። የቀረው እጃችንን መታጠብ ነው። ለዚያ ደግሞ እሱ ራሱ ያስፈልጋል፣ ሌላ ሰው አይታጠብለትም። እኔ ሳልታጠብ ብሞት ነገሩ ለወንዶቹ ልጆቼ ይተላለፋል። እነሱ የእህታቸውን ሬሳ ነው ያዩት፤ ልቤን አላዩም። ያኔ ቢመጣ እነሱን ማን ይይዝልኛል?"

ቤቴ ተመልሼ ጥቁር ደብተሬን አወጣሁ።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለመጽሔቱ አይደለም። ዘሪሁን፣ የት እንዳለህ አላውቅም። እናትህ ማረፋቸውን ካልሰማህ ከእኔ በመስማትህ ይቅር በለኝ። ያን እሁድ የተባረርክ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ሰውየው ይቅር ብለውህ ነበር የመጡት። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁንም በሕይወት አሉ፣ ግን ደክመዋል፤ ክረምቱን ይወጡታል ብዬ አላስብም። ቶሎ ና።